ፈርኑ ያበበ ሰሞን

ፈርን ሦስት ነገር አይወድም፦ ፀሐይ፣ ነፋስ እና ካርቱም። እንዲህ የሚሉት ሐጃ ኢሕሳን ነበሩ። ቀልዱ የሟች ባላቸው ነው አሉ። እሳቸው ግን ሲናገሩት ፈገግ እንኳ አይሉም፤ ሐኪም ያዘዘው ነገር ነበር የሚመስለው።

እናቴ ሙሚና ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ የሐጃ ኢሕሳን የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከወሎ የመጣችው እኔን በሆዷ ይዛ ነው፤ የበረሃውን መንገድ እኔም አብሬ መጥቻለሁ፣ ድካሙ ግን የሷ ነበር። የምንኖረው ከግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ በሩ ላይ የአበባ ሥዕል ያለው መጋረጃ። ለእኔ ቤት ማለት ያቺ ክፍል ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሰው ቤት ነው።

ፈርኖቹ፣ ቅጠላቸው እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ የጥላ ተክሎች፣ ሦስት ነበሩ። የሐጃ ባል ዑስማን የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ አገሩ ለሁለት ሳይከፈል በፊት ጁባ ሠርቶ ሲመለስ፣ ጓደኞቹ ማርና ጥሩ እንጨት ጭነው መጡ፣ እሱ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሥር ይዞ መጣ። ዝናብ ለምዶ ያደገውን ተክል ዝናብ ለዘመድ ጥየቃ ያህል ብቻ ብቅ የሚልበት ከተማ አምጥቶ አኖረው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቀው ኖረ ማለት ይቻላል፤ እሱ ሲሞት ይቅርታው ለሚስቱ ተላለፈ፤ ሚስቱ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ደግሞ ለእናቴ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሳሎኑ መስኮት ላይ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ተገጥሟል፤ ሙከየፍ እንለዋለን። ቀኑን ሙሉ እያጓራ እርጥብ ገለባ የሚሸት አየር ይተፋል። ፈርኖቹ የሚቀመጡት አየሩ በጎን በሚያገኛቸው በኩል ነው፤ ፊት ለፊት ከሆነ ይደርቃሉ፣ ከራቁም ይደርቃሉ። የቧንቧ ውሃ አይሰጣቸውም፤ ጨዉ የቅጠላቸውን ጫፍ ያቃጥላል። የሚጠጡት በረንዳው ላይ ካለው ዚር፣ ከትልቁ የሸክላ ማሰሮ ሆድ፣ ሸክላውን አልፎ እንደ ላብ የሚንጠባጠበውን ነው። እናቴ ከስሩ ጎድጓዳ ሳህን ታስቀምጣለች። ጠብታው እስኪሞላ እኛ ከላይ ያለውን እንጠጣለን፣ የተጣራው የነሱ ነው። አፈሩ እንዲረጥብ እንጂ እንዲጨቀይ አይፈለግም። የአቧራ ማዕበል ካለፈ በኋላ ቅጠሉ አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እናቴ የእኔን ፊት እንደዚያ ጠርጋ አታውቅም።

አንድ ቀን ቅጠሉን ገልብጬ ሳይ ከስሩ ቡናማ ነጠብጣብ ተደርድሮ አገኘሁ። ተባይ መስሎኝ ጮህኩ። ሐጃ ኢሕሳን መነጽራቸውን አጥልቀው አዩና፣

«ተዪው፣ ዘሩ ነው» አሉኝ። «ፈርን እንደ እናትሽ አገር ሴቶች ነው። ልጁን በጀርባው ነው የሚያዝለው። ሌላ መንገድ አያውቅም።»

ሰማሁ። በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ሳይወጣ፣ መሐል ላይ ተቀምጦ ዓመታት ቆየ።

ዳቦ ተወድዶ ሰልፉ በየሰፈሩ የነደደ ጊዜ ሐጃ ኢሕሳን ለሕክምና ወደ ካይሮ ሊሄዱ ተነሱ። ለጉልበታቸው ነው ተባልኩ። ጉልበታቸው እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሰው ለጉልበቱ ብሎ ለምን ያን ያህል ልብስ ለድሃ እንደሚሰጥ ሳይገባኝ ነው የቀረው።

ከመሄዳቸው በፊት ዶሃ ያለው ልጃቸው ተውፊቅ ደወለ። ሐጃ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወሩት፤ የቤቱ ምሥጢር ሁሉ እኔ ጋ የሚደርሰው በዚያ ነው።

«እማ፣ ቤቱን ባዶ አትተዪው። ይከራይ። ሠራተኛዋም ዘመዶቿ ጋ ትሂድ።»

«ፈርኖቹስ?»

«ፈርኖቹን ለሰው ስጫቸው።»

«ካርቱም ውስጥ ፈርን የሚችል ሰው ጥራልኝና እሰጠዋለሁ» አሉ ሐጃ። «ሙሚና ታጠጣቸዋለች። ለማጠጣት ደግሞ እዚሁ መኖር አለባት። እነሱ እስኪደርቁ ቤቱ አይነካም።»

እናቴ በሩ አጠገብ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ሁለታችንም የሰማነው አንድ ነገር ነው፦ እነሱ ሲደርቁ እኛ እንወጣለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈርኖቹን ስመለከታቸው እንደ ተክል ሳይሆን እንደ ሦስት ባለሥልጣኖች ነበር። ሳልፍ ሳገድም ሰላም እላቸው ነበር።

ሐጃ ከካይሮ በየጁምዓው ፎቶ ይጠይቁ ጀመር። እናቴ ስልክ እጇ ላይ ስለሚንቀጠቀጥባት የማነሣው እኔ ነኝ። ጥያቄያቸው ግን ግራ የሚያጋባ ነበር። «ደረጃው ላይ አድርጊና አንሺልኝ።» «ዛሬ የዑስማን ወንበር ላይ ይቀመጥ።» «ማዕድ ቤት፣ መስኮቱ እንዲታይ አድርገሽ።» እናቴ የፈርኑን ማሰሮ ታቅፋ ቤቱን ትዞራለች፤ እኔ ከኋላዋ ስልክ ይዤ።

«እማየ፣ ለምንድነው የምናዞራቸው?»

«ይሰለቻቸዋላ» አለችኝ። «አንቺስ አንድ ቦታ ቢያስቀምጡሽ አይሰለችሽም?»

አመንኳት። ፈርን የሚሰለቸው ተክል ነው ብዬ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አስተምሬያለሁ። ሴትዮዋ ፎቶው ውስጥ የሚያዩት ቅጠሉን ሳይሆን ከቅጠሉ ጀርባ ያለውን ደረጃ፣ ወንበር፣ መስኮት እንደነበረ፣ ቤታቸውን በየጁምዓው አንዲት አንዲት ጥግ እየሰነባበቱ እንደነበረ፣ ማንም አልነገረኝም። እናቴ ገብቷት ነበር። አልተናገረችም እንጂ።

በሚያዝያ፣ አገሩን ሠላሳ ዓመት የገዛው ሰው ከሥልጣን ወረደ። መንደሩ በመኪና ጡሩምባ ተናወጠ። የጎረቤት ልጅ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነገረን።

«ወረደ?» አለች እናቴ፣ እጇ ጎድጓዳው ሳህን ላይ እንዳለ።

«ወረደ ያ ሙሚና፣ ወረደ።»

«እንግዲህ መብራት አይጠፋ ይሆናላ» አለችና ውሃዋን ይዛ ገባች። መብራት ከጠፋ ሙከየፉ ይቆማል፣ ሙከየፉ ከቆመ ፈርኖቹ ይታመማሉ፤ የአብዮቱ ነገር ለእሷ በዚህ በኩል ነበር የሚደርሳት። መብራቱም እንደ ድሮው መጥፋቱን ቀጠለ።

ሰዉ ወታደሮቹ ሥልጣን ካላስረከቡ አልነሣም ብሎ ግቢያቸው ፊት ለፊት እንደተቀመጠ፣ በዚያው ረመዳን ገባ። በፆሙ ማብቂያ ላይ እናቴ ዒድን ከአገሯ ሴቶች ጋር ልታሳልፍ እኔን ይዛ ሳጃና ሰፈር፣ እትዬ ዘሃራ ቤት ሄደች። ዘሃራ የእናቴ ያገር ልጅ ናት፤ ሻይ ትሸጣለች፣ አፏ አያርፍም። ሐሳባችን አንድ ሌሊት አድረን ለመመለስ ነበር። ፈርኖቹን እናቴ ሳሎኑ ውስጥ አሰልፋ፣ አጠጥታ፣ በእርጥብ ጆንያ ከባ ነው የሄደችው።

ጎህ ሲቀድ ተኩስ ሰማን፤ ዝናብም ይዘንብ ነበር። ወታደሮቹ የተቀመጠውን ሰው በጥይት በተኑት። እኔ ነጎድጓድ ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ስነቃ ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረው አየኋቸው። የዒድ ብስኩት በሳህን ቀርቧል፤ የነካው የለም። እኔ ነካሁት።

ከዚያ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። ወጣቶቹ በየመገናኛው ድንጋይ ከመሩ፣ ጎማ አቃጠሉ፤ ከድንጋዩ ባሻገር ደግሞ መሣሪያ የጫኑ መኪኖች ይዞራሉ። ኢንተርኔት ጠፋ። አርካዊት ሌላ አገር ሆነ። እናቴ በየጠዋቱ እስከ መንገዱ ጫፍ ትሄድና ትመለሳለች፤ ሰኔ ነው፣ ፀሐዩ ይፈላል።

«አንቺ ሙሚና» አለቻት ዘሃራ፣ «የሰው ልጅ በጥይት እያለቀ፣ አንቺ ስለ ሣር ታለቅሻለሽ?»

«ሣር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ቤቴ ነው።»

ዘሃራ አፏን የያዘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እንግዲያው እንደሱ በይኝ» አለችና ሻይ ቀዳችላት።

መንገዱ ሲከፈት በእግራችን ሄድን። እናቴ በሩን ስትከፍት የተቀበለን የሣር ጎተራ ሽታ ነው። መብራት የጠፋው መቼ እንደሆነ አናውቅም። ሦስቱም ፈርኖች ቆመዋል፤ ቀለማቸው ግን የሙከየፉ ገለባ ሆኗል። አንዱን ቅጠል ብነካው እጄ ላይ ተንኮታኮተ። እናቴ የደረቀውን ሁሉ ከሥሩ ቆረጠች፣ ማሰሮዎቹን መታጠቢያ ቤት አስገብታ ከዚሩ ጠብታ እያጠጣች ጠበቀች። ከሥሩ ያቆጠቁጣል ትል ነበር። እሷ ስትሰግድ እኔ ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ማሰሮዎቹን እጠብቃለሁ። አላቆጠቆጠም።

ኢንተርኔት በመዘጋቱ ካርቱም ሁሉ ሲያማርር፣ እንዳይከፈት ዱዓ የምታደርግ አንዲት ሴት እናቴ ነበረች። ተከፈተ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ እየተንዘፈዘፈ የወር መልእክት አራገፈ። ከመሐሉ የሐጃ ኢሕሳን ድምፅ አለ፤ ቀጥኗል።

«ሙሚና፣ ደህና ናችሁ? ልጅቷስ? ሁለታችሁም ደህና መሆናችሁን ላኪብኝ።» ከዚያ ትንሽ ትንፋሽ። «ፈርኖቹንም።»

እኔ የሰማሁት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። እናቴም እንደዚያው ይመስለኛል። በነጋታው ሱቅ ዐረቢ ወደሚባለው ትልቅ ገበያ ሄድን።

ገበያው መሐል ሰው በሰው ላይ ይረማመዳል፤ የሚኒባስ ረዳቶች ይጮኻሉ፤ ከጫማና ከሞባይል ሽፋን መካከል የፕላስቲክ አበባ የሚሸጥ ሰው አለ። እናቴ እስክታፍር ድረስ ቆማ አየችና ወደ አንዱ ጠቆመች። ቅጠሉ ልክ እንደኛ ፈርን ጥርስ ጥርስ አለው። በየመሐሉ ግን ነጫጭ ጥቃቅን አበቦች ተጣብቀውበታል።

«ያለ አበባው የለም?» አለች።

«ያ ሐበሺያ፣ አበባ ያለውን በዚያው ዋጋ እየሰጠሁሽ ያለ አበባ ትጠይቂኛለሽ?» አለ ሰውዬው። «ይህን ግዢ። አይደርቅም፣ አይበላም፣ ሰልፍ አይወጣም። እኔንም አንቺንም ይቀብረናል።»

ቤት ስንደርስ እናቴ የዑስማንን ትልቁን ማሰሮ በእርጥብ አፈር ሞልታ ተከለችው። ልብስ ስትተኩስ እንደምታደርገው ውሃ በአፏ ይዛ ቅጠሉ ላይ ረጨችበት። ጠብታው አብረቀረቀ። ትንሽ ራቅ ብላ አየችው።

«አበባውን እንቁረጠው?» አልኳት።

አሰበች። «ይተው። አማረበት። የተመቸው ይመስላል።»

እኔ ፎቶ አነሣሁት። ላክነው። ሐጃ ኢሕሳን እንዳዩት ስልኩ አሳየን፤ መልስ ግን አልመጣም። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመጋረጃውን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። እኔ ልብሳችንን የምንከትበትን ሻንጣ በዓይኔ ፈለግሁት።

ከዐሱር ሶላት በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ። መጀመሪያ ሳል ነው ወይም ሳቅ፤ እስከ ዛሬ አለየሁትም።

«ማሻአላህ» አሉ። «አበበ? ዑስማን ዕድሜውን ሙሉ አጠጣው፣ አንድ ቀን አላበበለትም። ለአንቺ አበበ።» ደግሞ ትንፋሽ። «ስሚኝ ሙሚና። ከዛሬ ጀምሮ ሳሎን አይቀመጥ። አንቺ ክፍል፣ መስኮቱ ስር አድርጊው። ከዚያም እንዳታነቃንቂው። ፎቶውን ደግሞ ከእንግዲህ ፈርኑን ተይውና ቤቱን ብቻ አንሺልኝ።»

እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ዘለልኩ። አሮጊቷን ሸወድናቸው፣ ክፍሉ ተረፈ፣ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም። ስለ ቀሩት ሁለት ፈርኖች ሐጃ አልጠየቁም። የረሱ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ባዶ ወንበር፣ ባዶ ደረጃ፣ ዚሩን ከነሳህኑ እያነሣሁ ላክሁ። ተክል ሰለቻቸው ብዬ አዘንኩባቸው። ዓመቱ ሳያልቅ ሞቱ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው።

ተውፊቅ ከዶሃ የመጣው ከደላላ ጋር ነው። ሰፊ ሸሚዝ የለበሰ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው። ደላላው በየክፍሉ እየገባ ግድግዳ በጣቱ ያንኳኳል። በመጨረሻ የእኛ በር ደረሱ። እናቴ ከአልጋው አጠገብ ቆመች። እኔ ከመስኮቱ ፊት ቆሜ ፈርኑን በጀርባዬ ከለልኩት፤ አልበቃሁትም።

«ይቺን ለዘበኛ ማድረግ ይቻላል» አለ ደላላው።

ተውፊቅ ስልኩን አውጥቶ አንድ መልእክት ከፈተ። የሐጃ ኢሕሳን ድምፅ ክፍላችን ውስጥ ተናገረ። የሞተ ሰው ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያሳቀቀኝ ግን ድምፁ ሳይሆን የሚለው ነው።

«ተውፊቅ ልጄ። ሙሚና ክፍል ውስጥ ያበበ ፈርን አለ። እሱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ እሷንም ልጅቷንም ከዚያ ክፍል የሚያስወጣ የለም። ሲደርቅ እንዳሻህ። ይህ ኑዛዜዬ ነው።»

ተውፊቅ ትከሻዬን ይዞ በቀስታ ወደ ጎን አደረገኝ። ጎንበስ አለ። አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቶቹ ያዘ፣ አሸት አደረገው። ጣቱ ላይ አቧራ መጣ። አበባዋን ነካት። ረጅም ጊዜ እንደጎነበሰ ቀረ፤ የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ ከኋላው አይታወቅም፤ እንደ እናቱ።

«ሙሚና» አለ ሳይዞር፣ «ይህን ስንት ቀን እየቆየሽ ነው የምታጠጪው?»

እናቴ መሬት መሬቱን እያየች፣ «አቧራ ሲይዘው» አለች።

ቀና አለ። ጣቱን በሸሚዙ ጠረገ። ለደላላው፣ «ትልቁን ቤት አከራየው፣ ይህ ክፍል አይነካም» አለው።

«ፈርኑ እስኪደርቅ ነው ወይ?» አለ ደላላው፤ እሱም ዓይን አለው።

«እስኪደርቅ» አለ ተውፊቅ።

በዚህ ዓይነት መንግሥት ተቀየረ፣ ደግሞ ተገለበጠ፣ ድንጋዩ መንገድ ላይ ተከመረ፣ ተነሣ፣ ተከመረ፤ እኛ ክፍላችን ውስጥ ነበርን። እናቴ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ድካሟን ሳታራግፍ የፈርኑን አቧራ ታራግፋለች። ግን ደስ አይላትም ነበር። ማታ ማታ ከሶላቷ በኋላ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የሐጃ ኢሕሳንን ስም እሰማለሁ። «አፉ ይበሉኝ» እያለች ይቅርታ ትለምናቸዋለች። «ልጁ አዝኖልን ነው፣ እናቱን ግን በሞት አፋፍ አታለልኳቸው»፤ ይህ ነው ውስጧ የቀረው። እኔ ደግሞ ሽማግሌ እንደመሸወድ የሚያስመሰግን ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበርና ለምን እንደምታዝን አይገባኝም።

ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ ረመዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ከተማው በሙሉ ከቤቱ ወጣ። ሻንጣ ስንሸክፍ እናቴ ጨርቅ አርጥባ ፈርኑን ቅጠል በቅጠል ጠረገችው። መስኮቱ ስር መለሰችው።

«አንወስደውም?» አልኳት።

«እሱም ከሄደ ማን ይቀመጥልናል?» አለች።

አሁን ያለነው ኮምቦልቻ ነው። እኔ ከመንገድ ዳር የተክል መሸጫ ቦታ እሠራለሁ፤ ቦታው የጋሽ ደመቀ ነው፤ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው፤ መጽሐፍ ሳይሆን ተክል ነው ያስተማራቸው። ባለፈው ክረምት አንዲት ደንበኛ መጥታ አበባ ያለው ፈርን ጠየቀች። እኔ፣ «አሁን የለንም፣ ሲያብብ እንደውልልሻለን» አልኳት። ጋሽ ደመቀ ከቧንቧው አጠገብ ቀና አሉ።

«ፈርን ያበበ ዕለት እኔን ከመቃብሬ ቀስቅሱኝ» አሉ። «ፈርን አያብብም። ከተፈጠረ ጀምሮ አላበበም። ዘሩን ከቅጠሉ ጀርባ ነው የሚይዝ።»

በጆሮዎቼ መሐል ተቀምጦ የቆየው የሐጃ ነገር ያን ጊዜ ተነሣ። ቧንቧው እጄ ላይ ሲፈስ፣ ጫማዬ ሲርስ ቆምኩ።

ቤት ስገባ እናቴ መሬት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ዓይኗ ስለደከመ ሰፌዱን ወደ ፊቷ አስጠግታ ነው። ነገርኳት። ፈርን እንደማያብብ፣ ዑስማን ዕድሜውን ሙሉ ያላየው ስለማይኖር እንደሆነ፣ ሐጃ ኢሕሳን ፎቶውን ባዩበት ቅጽበት ፕላስቲክ መሆኑን እንዳወቁ፣ አውቀው ወደ ክፍላችን እንዳስገቡት፣ አውቀው «ሲደርቅ» እንዳሉ።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ትንሽ ጠጠር አግኝታ ወደ ጎን ጣለች።

«ስለ ሁለቱ ፈርኖች አለመጠየቃቸው አልገባኝም ነበር» አለች።

ምስሩን ለቅማ ጨረሰች፣ አጠበች፣ ጣደች። መግሪብን ሰገደች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጠበቅኩ፤ የሐጃ ስም መጣ፣ «አፉ ይበሉኝ» ግን አልመጣም። ሶላቷን ስትጨርስ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ እግሯን ዘረጋች። ካርቱም ውስጥ እንደዚያ ተቀምጣ አላየኋትም።

ቤቱ ይቁም አይቁም የሚነግረን የለም። ጎረቤቶቹ ተበትነዋል፣ የተውፊቅ ቁጥር አይሠራም። ክፍላችን ጣሪያ ካለው ግን፣ ፈርኑ መስኮቱ ስር አለ፣ አረንጓዴ ነው፣ በኑዛዜው መሠረት ክፍሉ የእኛ ነው። ይህን ለእናቴ እንደ ቀልድ ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ከምሯ አሰበችበት።

«አረንጓዴነቱስ አረንጓዴ ነው» አለች። «አቧራውን ነው እንጂ፤ ማን ያራግፍለት ይሆን?»